በጀልባ ወደ ሥዕል፦ የዘጌው ግማሽ ቀን እና የናርጋው ሙሉ ቀን

ባሕር ዳር ጀልባ ማቆሚያ ሄዶ «ገዳማት ማየት እፈልጋለሁ» ላለ ሰው የሚቀርብለት ጉዞ በዋናነት ሁለት ነው። አንደኛው ጧት 2 ሰዓት ግድም ተነስቶ ለምሳ የሚመልሰው የዘጌ ጉዞ ነው፤ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን፣ ጊዜ ከተረፈም አዝዋ ማርያምን ያሳያል። ሁለተኛው ቀኑን ሙሉ የሚፈጀው የደቅ ደሴት ጉዞ ሲሆን መድረሻው ናርጋ ሥላሴ ነው። አብዛኛው ሰው ለጊዜውም ለኪሱም ብሎ ዘጌን ይመርጣል። የቅዱሳኑን ታሪክ በሥዕል ለማየት በእርግጥ ዘጌ ይበቃል። ሥዕሉን ማን አሣለው፣ በምን ዘመን፣ ማንን ለማሳመን የሚለው ግን የሚገለጠው ናርጋ ላይ ነው። የሁለቱም ጉዞ ድክመት አንድ ነው፤ አስጎብኚው ሥዕሉን ይተርካል እንጂ አያነብም።

በመተረክና በማንበብ መካከል ያለውን ልዩነት የዑራው በላዔ ሰብእ ያሳያል። ታሪኩን የማያውቅ የለም፤ 78 ሰው በልቶ በመጨረሻ ለአንድ በሽተኛ ስለ እመቤታችን ስም ጥርኝ ውኃ የሰጠው ሰው ነፍሱ በሚዛን ስትመዘን፣ እመቤታችን ጥላዋን በጥርኟ ውኃ ላይ አጥልታ አዳነችው። አስጎብኚዎቹ ይህን ሲያወሩት ያምርባቸዋል፤ ጎብኚውም ፈገግ ብሎ ያልፋል። ሳይነገር የሚቀረው ሥዕሉ የቤተ ክርስቲያኑ ስም ማብራሪያ መሆኑ ነው። ኪዳነ ምሕረት ማለት ለእመቤታችን የተሰጠ የምሕረት ቃል ኪዳን ነው፤ ሚዛኑ ደግሞ ያ ቃል ኪዳን እንዴት እንደሚሠራ ለማያነብ ሰው የተጻፈ ትምህርት ነው። አማላጅነት አለ፣ ክርክሩም እዚህ ላይ ያበቃል ይላል።

ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን አውሮፓ በዚሁ በአማላጅነት ጉዳይ ተከፍላ ነበር። ፕሮቴስታንቶቹ ቅዱሳንን መማጸንም ሥዕልንም ሲነቅፉ፣ የካቶሊኮቹ የትሬንቶ ጉባኤ በ1563 ሥዕል ይኑር፣ ቅዱሳን ይለመኑ፣ ሥዕሉም ሕዝቡን ያስተምር ብሎ ወሰነ። ባሮክ የምንለው የአሣሣል ስልት ያደገው በዚህ ውሳኔ ጥላ ሥር ነው። ጣሊያናዊው ሠዓሊ ካራቫጆ ከ1605 እስከ 1606 የሣላትን ማርያም ብንወስድ እግሯ እባቡን ረግጧል፤ ከእግሯ ላይ ደግሞ የሕፃኑ እግር ተደርቧል። በኦሪት ዘፍጥረት 3፥15 የእባቡን ራስ የሚቀጠቅጠው ማን ነው? የላቲኑ ትርጉም «እርሷ» ሲል ፕሮቴስታንቶች «ዘሯ ነው» ብለው ይሟገቱ ነበር። ሠዓሊው እግር በእግር ላይ ደርቦ «ሁለቱም» ብሎ መለሰ። ሥዕሉ ለሮሙ ቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ታዝዞ ገና ከመሰቀሉ ወርዶ አንድ ካርዲናል ቤት መግባቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ቁም ነገሩ እግሩ የት እንዳረፈ መመልከቱ ነው፤ ዘጌ ስትሄዱም ዓይናችሁ እንደዚያ ይሥራ።

ጉብኝቱን ከጀልባው በፊት እዚያው ከተማው ውስጥ መጀመር ይሻላል። ባሕር ዳር ቅዱስ ጊዮርጊስ ቅጥር ግቢ ውስጥ ከኢየሱሳውያን (የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር) ሚሲዮን ዘመን የቀረ የድንጋይ ሕንፃ አለ፤ ስሙ ከሚሲዮናዊው ከፔድሮ ፓኤዝ ጋር ተያይዞ ይነሳል። በእግር ሄዶ ለማየት ሩብ ሰዓት የማይፈጅ ነገር ነው፤ ሆኖም በየትኛውም የጀልባ ጉዞ ዝርዝር ውስጥ አይካተትም። ያለ እሱ ደግሞ ማግስቱን የምታዩት ሥዕል ግማሽ ታሪኩ ይጎድለዋል።

ያ ታሪክ ባጭሩ እንዲህ ነው። ዓፄ ሱስንዮስ በ1622 የሮምን ሃይማኖት በይፋ ተቀበሉ፤ ፓኤዝም በዚያው ዓመት ሞተ። ከሮም የተሾመው ፓትርያርክ አልፎንሱ ሜንዴዝ በ1625 መጣ፤ በ1626 ንጉሡ ለሮሙ ጳጳስ ታዛዥነታቸውን በመሐላ አረጋገጡ። አገሩ በአመፅ ተናወጠ። በ1632 «ሃይማኖት ይመለስ፣ ፋሲል ይንገሥ» አሉ ተብሎ እንደሚነገረው ሱስንዮስ ዙፋኑን ለልጃቸው ለቀቁ፤ ፋሲለደስም በማግስቱ ዓመት ኢየሱሳውያኑን ከቤተ መንግሥቱ አካባቢ አስወጧቸው። በ1636 ጎንደር ተቆረቆረች። (በዚያው በ1636 ለንደን ውስጥ ስመ ጥሩው የባሮክ ሠዓሊ ሩበንስ የሣለው የእንግሊዙ ንጉሥ ጄምስ ወደ ሰማይ ማረግ በዋይትሆል አዳራሽ ጣሪያ ላይ ተሰቀለ። ልጁ ቻርልስ በ1649 አንገቱ ሊቆረጥ የወጣው በዚያው አዳራሽ አልፎ ነው። ጣሪያ ላይ የተሣለ መለኮታዊ ሥልጣን እታች ላለው ሰው ዋስትና አይሆነውም።)

ሰዎቹ ሄዱ፤ ሥዕላቸው ግን ቀረ። ይህን በዓይን ማረጋገጥ ይቻላል። ዑራም ሆነ ናርጋ ስትገቡ እመቤታችን ልጇን በግራ ክንዷ ታቅፋ የምትታይበትን ሥዕል ፈልጉ፤ በግእዙ ምስለ ፍቁር ወልዳ የሚባለውን። ፊቷን ትታችሁ እጆቿን ተመልከቱ። ቀኝ እጇ በግራዋ ላይ ተሻግሮ ሁለት ጣት ዘርግቷል። በግራ እጇ ጣቶች መካከል እንደ መሐረብ ያለ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። ሕፃኑ በአንድ እጁ መጽሐፍ ይዞ በሌላው ይባርካል። እነዚህ ሦስት ነገሮች ከተገኙ የሥዕሉ አያት ሮም፣ ቅድስት ማርያም ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለችው ጥንታዊት ሥዕል ናት። ኢየሱሳውያኑ እሷን ለመገልበጥ በ1569 ከጳጳሱ ፈቃድ አግኝተው ቅጂዋን በሄዱበት አገር ሁሉ ይዘው ዞረዋል። የእኛ ሠዓሊዎች የጨመሩትም ወዲያው ይለያል፤ ሰይፍ የመዘዙት ሚካኤልና ገብርኤል ግራና ቀኝ ቆመዋል፣ ልብሱ አበባ ያለበት ውድ ጨርቅ ሆኗል፣ ዓይኖቹም ተልቀዋል። ሮማውያኑን ያስወጣው ወገን እመቤታችንን አላስወጣም፤ ከመጀመሪያውም የእነሱ ብቻ አልነበረችምና። ይህን ሥዕል «የካቶሊክ ተጽዕኖ» ብሎ በአንድ ቃል የሚያልፍ አስጎብኚም፣ «ምንም የውጭ ነገር የለበትም» የሚለውም እኩል ተሳስተዋል።

ስለ ዘጌው ጉዞ አገልግሎት የሚባለው ይህ ነው። ጀልባው ቀርፋፋ ሞተር ያለው ከሆነ ወደ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ከመሳፈራችሁ በፊት የሕይወት አድን ጃኬቱን ቁጥር ቆጥራችሁ እዩ፣ ማሰሪያውንም ሞክሩ፤ ብዙ ጊዜ ጃኬቱ ይኖርና ዘለበቱ የተሰበረ ይሆናል። ጣና ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሳበታልና ትንሽ ጀልባ ይዞ 9 ሰዓት ላይ መመለስ ልብስ ያበሰብሳል፤ የዘጌው ጉዞ ጧት መሆኑ ትክክለኛ ምርጫ ነው። ከወደቡ እስከ ዑራ ያለው መንገድ በቡና ጫካ ውስጥ ሽቅብ የሚወጣ የእግር መንገድ ነው፤ በዝናብ ወቅት ያንሸራትታል።

ጉብኝቱ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በሰዓት አለመጣጣም ነው። በጾም ወራት ቅዳሴ ወደ ቀትር ስለሚገፋ ከሰዓት የሚመጣ ጎብኚ ቅዳሴ ላይ ይደርስና ውጭ ይቀራል፤ በሁዳዴ እንግዲህ ጧት ብቻ። በእሑድና በበዓላት ደግሞ የሚገፋው በተቃራኒው ነው፤ ቅዳሴው ገና በማለዳ ስለሆነ ጧት 2 ሰዓት የደረሰ ቆሞ ይጠብቃል። ይህን ለመንገደኛው ቀድሞ መንገር የጀልባው ሥራ ነው፤ የሚናገረው ግን ጥቂቱ ነው።

ሁለተኛው ችግር ብርሃን ነው። በክብ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቹ ያሉት በመቅደሱ አራት ግድግዳ ላይ ሲሆን፣ ብርሃን የሚደርሳቸው በውጭኛው ግድግዳ በሮችና መስኮቶች በኩል ብቻ ነው። አስጎብኚዎች በአንዱ በር ያስገቡና በጨለማው ዙሪያውን ያስኬዷችኋል። ቄሰ ገበዙን በትሕትና «አባታችን፣ የዚህን ፊት በር ይክፈቱልን» ማለት ይበቃል፤ በሩ ሲከፈት ያልነበረ ቀለም ብቅ ይላል። የጧት ፀሐይ ለምሥራቁ ግድግዳ፣ የከሰዓቱ ለምዕራቡ ያደላል። ፍላሽ ክልክል ነው፤ ስልክ አውጥቶ መብራት ከማብራት በፊትም መጠየቅ ያስፈልጋል። ሥዕሎቹን የሚሸፍነው መጋረጃ በረጅም ዘንግ የሚገለጥ ነው። ገበዙ ጎብኚው እንደቸኮለ ካየ የላይኛውን ብቻ ገልጦ ይመልሰዋል።

ሥዕሉ በቀጥታ ጭቃው ላይ የተሣለ አይደለም። የጥጥ ጨርቅ በጭድና በጭቃ በተመረገ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ በላዩ ላይ ነው የተሣለው። ስለዚህም ጣሪያ ሲያፈስ መጀመሪያ የሚበላሸው ከጨርቁ በስተጀርባ ያለው ማጣበቂያ ነው፤ ጨርቁ እንደ ሆድ ይነፋል፣ ከዚያ ከታችኛው ጠርዝ ይቀደዳል። ግድግዳውን በጣት ተጭኖ «ውስጡ ባዶ ነው» ማለት የሚወድ ጎብኚ አይጠፋም። ያ ጣት ሰባት ዝናብ ያላደረሰውን ጉዳት ያደርሳል።

የአስጎብኚዎቹ ንግግር በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጥሩ ነው፤ የቅዱሳኑን ምልክት ጠንቅቀው ያውቃሉ። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከአንበሶችና ከነብሮች ጋር፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በአንድ እግራቸው ቆመው በስድስት ክንፍ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ሆኖ ቢሩታዊት ዛፍ ላይ ተቀምጣ። ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ኃጥእ በጎን ተሥሎ በአንድ ዓይን የሚለውም በአብዛኛው ይሠራል፤ በመጨረሻው ራት ላይ ይሁዳን ለመለየት ሌላ ምልክት አያስፈልግም። ችግሩ ዘመን ላይ ነው። «ሥዕሉ 700 ዓመቱ ነው» የሚለው ንግግር በዘጌ ሁሉ ይሰማል። የገዳሙ አመሠራረት በትውፊት ወደ 14ኛው መቶ ዘመን፣ ወደ አቡነ በትረ ማርያም ይመለሳል፤ ዛሬ የምታዩት ጨርቅ ግን ከዚያ በብዙ ዘመን በኋላ፣ በተለያየ እጅ የተሣለና በየጊዜው የታደሰ ነው።

ለግምት የሚረዳ ቀላል መለያ አለ፤ የሥዕሉን መደብ፣ ከሰዎቹ ኋላ ያለውን ቀለም እዩ። መደቡ አንድ ወጥ ቀለም ሆኖ የልብሱ ሽክሽክ በትይዩ መስመሮች ከተሞላ፣ ሊቃውንቱ የመጀመሪያው የጎንደር ስልት የሚሉት ነው፤ የ17ኛው መቶ ዘመን ጠባይ ነው። መደቡ ከቢጫ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ ቀስ እያለ የሚሸጋገር፣ ፊቱና አንገቱ ጥላ ተሰጥቶት የተድበለበለ፣ ልብሱ በአበባ ያጌጠ ከሆነ ሁለተኛው ስልት ነው፤ የእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ጌጥ። የሚያብለጨልጭና ደማቅ ሰማያዊው ዓይን የሚወጋ ከሆነ ደግሞ የፋብሪካ ቀለም መጥቶበታል። መለያው ፍርድ ቤት የሚያቀርቡት ማስረጃ አይደለም፤ ሠዓሊዎች የአባቶቻቸውን ስልት ይደግማሉ።

«ታዲያ ይህ የኢትዮጵያ ባሮክ ነው?» የሚል ጥያቄ ጀልባው ላይ መነሳቱ አይቀርም። አይደለም። ጣና ዳር የደረሰው የሮም ግድግዳ ሳይሆን ወረቀት ነው። በ1593 አንትወርፕ ላይ የታተመው የኢየሱሳዊው የናዳል የወንጌል ሥዕሎች መጽሐፍ 153 የመዳብ ቅርጽ ሥዕሎች አሉት፤ በእያንዳንዱ ሥዕል ላይ ትንንሽ ፊደላት ተጽፈው ከታች ማብራሪያቸው ይነበባል። ከ1590 እስከ 1591 ሮም ውስጥ የታተመው የዓረብኛ ወንጌል ደግሞ የሠዓሊውን የቴምፔስታን የእንጨት ቅርጽ ሥዕሎች ይዟል፤ የጎንደር ዘመን ጸሐፍት በብራና ወንጌሎቻቸው ላይ ገልብጠዋቸዋል። እነዚህ ሁሉ ጥቁርና ነጭ ናቸው። የካራቫጆ ጨለማና ብርሃን፣ የሩበንስ ሥጋና ሐር በመርከብ አልመጣም። አቀማመጡ መጣ፤ ቀለሙን ሠዓሊዎቻችን ከራሳቸው አመጡት። ደግሞም ሁሉንም ለኢየሱሳውያን መስጠት አይገባም፤ የዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመኑ ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን ስሙን የፈረመባት የእመቤታችን ሥዕል እዚሁ ሐይቁ ውስጥ ዳጋ እስጢፋኖስ ነው ያለችው። ከፓኤዝ መምጣት መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ትቀድማለች።

መንገድ ዳር ስለሚሸጡት የብራና ሥዕሎች ብዙ አይባልም። ብራናው እውነተኛ ቆዳ ከሆነ ወደ ብርሃን ሲያዙት የፀጉሩ ነቁጥ ይታያል። አዲስ ሥራ መሆኑን አውቆ ለሠዓሊው መክፈል ጥሩ ነው፤ «የገዳም ጥንታዊ» ተብሎ የቀረበላችሁን ግን አትንኩት። ውሸት ከሆነ ገንዘባችሁን ታጣላችሁ፣ እውነት ከሆነ አገር ቅርስ ታጣለች።

ወደ ናርጋ እንሂድ። ጀልባው በአንድ ጉዞ ወደ ሦስት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ ከጧቱ 1 ሰዓት በፊት ካልተነሳችሁ መመለሻችሁ ነፋሱ ውስጥ ይወድቃል። ምሳ፣ ውኃና ፀሐይ መከለያ መያዝ የእናንተ ፈንታ ነው። ነዳጁ የመመለሻውን ጭምር መያዙን ጠይቃችሁ ጀሪካኑን በዓይናችሁ እዩ። ሌላው ማሳሰቢያ ለሴቶች ነው፤ ዑራ፣ አዝዋና ናርጋ ይገባሉ፤ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ግን ለወንድ ብቻ ናቸው። አንዳንድ የጀልባ ሰዎች «ምርቃት» ብለው እነዚህን ይጨምሩና ሴቶቹን ወደቡ ላይ አንድ ሰዓት ያስቀምጣሉ። ቡድኑ የተቀላቀለ ከሆነ ያንን ሰዓት ናርጋ ላይ እንዲጨምሩላችሁ መነጋገር ነው።

ናርጋ ሥላሴን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ባለቤታቸው ዓፄ በካፋ በ1730 ሲሞቱ ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ስለነበር አገሩን በእንደራሴነት የያዙት እሳቸው ነበሩ። ጎንደር ላይ ቁስቋምን፣ ሐይቁ ውስጥ ናርጋን አሠሩ። ሥዕሉ ላይ የሚታየውም ይኸው ነው። እመቤታችን ልጇን ይዛ ከላይ ተቀምጣለች፤ ከእግሯ ሥር አንዲት ሴት በደረቷ ተዘርግታ ወድቃለች። ልብሷ የተራ ሰው ልብስ አይደለም፤ በአበባ የተጥለቀለቀ ነው። ምንትዋብ ናቸው።

አስጎብኚው እዚህ ሲደርስ «እቴጌይቱ ሲማጸኑ» ይልና ወደሚቀጥለው ይሄዳል። እዚህ ላይ ግን መቆም ነው ያለበት። ከምንትዋብ መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ፓሪስ ላይ አንዲት መበለት ንግሥት በዚሁ ችግር ውስጥ ነበረች። ማሪ ደ ሜዲቺ ባሏ ሄንሪ አራተኛ በ1610 ሲገደል ለሕፃኑ ሉዊ እንደራሴ ሆነች፤ ልጇ አድጎ በ1617 ከሥልጣን አባረራት፤ ታርቃ ስትመለስ በ1622 ሩበንስን ጠርታ ሕይወቷን በ24 ትልልቅ ሸራዎች አሣለች። ዛሬ ሉቭር ውስጥ ናቸው። ከነዚያ በአንዱ ባሏ ወደ ሰማይ ሲያርግ፣ ፈረንሳይ በሴት ተመስላ ተንበርክካ የመንግሥትን ሉል ታቀብላታለች፤ ማሪ ጥቁር ለብሳ ከፍ ካለ ዙፋን ላይ ናት። ጥያቄው አንድ ነው፤ ንጉሥ ያልሆነች ሴት ማን ሾመሽ ስትባል ምን ትመልሳለች? የፓሪሷ የግሪክና የሮም አማልክትን ምስክር ጠራች፤ ራሷን ወደ ላይ አወጣች። የጎንደሯ ራሷን መሬት ላይ ጣለች። ይህ ግን የማትታይ ታናሽ ለመሆን አይደለም፤ ሥዕሉ ያለው በሩቅ ደሴት ያለ መቅደስ ግድግዳ ላይ ነው፤ እመቤታችንን ለመሳለም የሚሰግድ ሰው ሁሉ ከእቴጌይቱ አጠገብ ነው የሚወድቀው። ወድቃ መታየት የምትችለው ደግሞ ያን ልብስ ለብሳ ነው። ልጅ የታቀፈች እናት ከላይ፣ ስለ ልጇ የምትገዛ እናት ከታች። ከዚህ በላይ የእንደራሴነት ማስረጃ የለም።

በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲህ ሥዕሉን ያሣለውን ሰው ለማግኘት አንድ ዘዴ ይጠቅማል። ትልልቆቹን ቅዱሳን ትታችሁ የሥዕሉን ታችኛ ጠርዝ ተከተሉ። ትንሽ የተሣለ፣ እጁን የዘረጋ ወይም የወደቀ ሰው ካለ ያሣለው እሱ ነው። ግእዝ ባታውቁም ፊደሉን ታነባላችሁና ጽሑፉን እዩ፤ «ዘከመ» ብሎ የሚጀምረው ድርጊቱን ይነግራል፣ «እንዴት እንደተሰቀለ»፣ «እንዴት እንደተነሣ» እንደማለት። «ተማኅፀነ» ወይም «ተማኅፀነት» ካለ ግን ከጎኑ የሰው ስም አለ ማለት ነው፤ ያ ስም የከፈለው ሰው ነው። የጽሑፉ ቀይ ቀለም ብዙ ጊዜ ለቅዱሳት ስሞች ስለሆነ የባለገንዘቡን ስም በጥቁሩ ውስጥ ፈልጉት።

ናርጋ በስማቸው የቆመችላቸው ሥላሴ በእኛ አሣሣል ዕድሜያቸውም መልካቸውም አንድ የሆነ ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው፤ አራቱ እንስሳ በማዕዘን ይቆማሉ። ለእኛ ሰው የተለመደ ነገር ነው። ሮም ግን በዚያው ዘመን በዚህ ጉዳይ ተቸግራ ነበር፤ ጳጳስ ቤኔዲክቶስ 14ኛ በ1745 መንፈስ ቅዱስን በወጣት ሰው መልክ መሣልን ከልክሏል። ካቶሊኩ አውሮፓ ርግቡን ሲያጸና ጣና ላይ ሦስቱ ሽማግሌዎች እኩል ተቀምጠው ቀጠሉ። በዘመኑ ቅባትና ተዋሕዶ በሚባሉ ሁለት የሃይማኖት ወገኖች መካከል ክርክር እንደነበር የሚያውቅ አስጎብኚ፣ ሥዕሉን ለአንዱ ወገን ሲሰጥ ከሰማችሁት ግን በጥርጣሬ ያዙት፤ ሦስቱ እኩል ሽማግሌዎች የሁለቱም ናቸው።

በበሩ ላይ ያለውን ቅርጽ «ጄምስ ብሩስ ነው» የሚለው ወግ አይቀርላችሁም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ብሩስ ጎንደር የገባው በ1770 ነው፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ ግን ያኔ ቆማ ዓመታት አልፈዋል። እንደ ወግ ሰምቶ ፈገግ ማለት ይበቃል።

ከጉዞው በፊት ባሕር ዳር ላይ ኔትወርክ ሳለ አራት ሥዕል ስልካችሁ ላይ ጫኑ፤ ሐይቁ መሐል አይገኝም። የቅድስት ማርያም ማጆሬዋን እመቤታችን፣ ከናዳል መጽሐፍ ስቅለቱን፣ የሩበንስን የማሪ ደ ሜዲቺ እንደራሴነት፣ እና ሮም ቅዱስ ኢግናጥዮስ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ አንድሪያ ፖዞ ከ1691 እስከ 1694 የሣለውን። በመጨረሻው ላይ ከሰማይ የሚወርደው ብርሃን በኢየሱሳውያኑ መሥራች በኢግናጥዮስ በኩል አልፎ ለአራቱ ክፍለ ዓለማት ይዳረሳል፤ አፍሪካም በሴት ተመስላ ከነሱ አንዷ ናት። ይህ ሲሣል ኢየሱሳውያኑ ከኢትዮጵያ ከወጡ ስድሳ ዓመት ሆኗቸዋል። ጣሪያው ላይ የተሸነፉበት ቦታ አልተጻፈም። ስልኩን አውጥታችሁ ናርጋ ላይ ከምንትዋብ አጠገብ ብታዩት ባሮክ ምን እንደሚሸሽግ ይገባችኋል።

ለማን የትኛው? ከልጆች ጋር ለሚሄድ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያይ፣ ከሰዓት በኋላ በረራ ላለው ሰው ዘጌ፤ ዑራን ብቻ፣ ግን ሙሉ አንድ ሰዓት ሰጥቶ። አዝዋን ለመጨመር ሲባል ዑራን በሃያ ደቂቃ መሮጥ ሁለቱንም ማጣት ነው። ሥዕል አይቶ ለሚያስብ ሰው ናርጋ፤ ከመነሳታችሁ በፊት መስመሩ ለጉዞ ክፍት መሆኑን ማረጋገጥ ሳይረሳ። ዋጋ ስትነጋገሩም የመግቢያው ክፍያ በጀልባው ውስጥ መካተት አለመካተቱን ለይታችሁ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ አይካተትም፤ ለየገዳሙ ለብቻው በካሽ ይከፈላል።

ናርጋ ላይ መጋረጃው ሲገለጥ ደግሞ ገበዙን እስከ መሬት ድረስ እንዲገልጡት ለምኑ። እቴጌይቱ ያሉት እታች ነው።